የላፍቶው ሽብልቅ

ባለ ቡኒ ጃኬቱ ሰውዬ ከጎፋ ገብርኤል ጀምሮ ከኋላው ነበር።

ቸኮል ዞሮ አላየውም። ዞሮ የሚያይ ጀማሪ ነው። አንዴ በቆመ ሚኒባስ የጎን መስታወት፣ አንዴ በፀጉር ቤት በር ላይ አየው። ሁለት ጊዜ ያየኸው ሰው መንገደኛ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ ጊዜ ካየኸው ሥራው አንተ ነህ።

ሦስተኛ ጊዜ አየው።

ኪሱ ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ አለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ማስረከብ አለበት። የቀረው አሥር ደቂቃ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ወደተደረደሩበት ጠባብ መተላለፊያ እጥፍ አለ። አንዱ ሰፊ ቀና ብሎ አየው።

«ወንድሜ፣ በጓሮ መውጫ አለህ?»

«ሚስትህ ናት የምታሳድድህ?»

«ከሷ የባሰች ናት። እህቷ ናት።»

ሰፊው ከት ብሎ ሳቀና መጋረጃውን ገለጠለት። ቸኮል በተከመረ የደንብ ልብስ ላይ ተረማምዶ በሌላው መንገድ ወጣ። ቡኒ ጃኬቱ ከዓይን ጠፋ።

እትዬ ተናኘ የታክሲ ሰልፉ አጠገብ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሶፍት፣ ማስቲካና የሞባይል ካርድ ይሸጣሉ። ሃያ ዓመት እዚያው ናቸው። ሃያውንም ዓመት የስለላ መሥሪያ ቤቱ መልእክተኛ እንደነበሩ ከሰልፈኛው አንድም ሰው አያውቅም።

«እትዬ፣ ትናንት የሸጡልኝ ካርድ አልሠራም።»

«ፍቀህ አጥፍተኸው ነዋ! አምጣ እስቲ።»

የተፋቀውን ካርድ ሰጣቸው። ሚሞሪዋ ከሥሩ ተለጥፋለች። አገላብጠው አዩና ብብታቸው ሥር ሸጎጡት። ሌላ ሰጡት።

«ተከታይ አለኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ እዚህ እንደምመጣ የምታውቁት እርስዎና ኢንጂነሩ ብቻ ናችሁ።»

እትዬ ተናኘ ማስቲካውን ማስተካከል አቆሙ። «ሂድ በል ሙጫ። ሰልፉ እያየን ነው።»

ሙጫ መሥሪያ ቤቱ ያወጣለት የምሥጢር ስም ነው። ቸኮል ደግሞ የፋብሪካ ስሙ ነው። ከሰባት ወር በፊት ላፍቶ ያለው የበረኪና ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ያስቀጠሩት፣ የማሽኖቹን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እየሰረቀ ለውጭ ሰው የሚሸጠውን እንዲያገኝ ነበር። ተጠርጣሪው የፈረቃ ኃላፊው ኑሪ ነው ተባለ። ማነው ያለው? ኢንጂነር ሚሳኤል። በመሥሪያ ቤቱ የቸኮል አለቃ።

ሚሳኤል በዕድሜ ስምንት ዓመት ያንሰዋል። እሱ ቸኮልን አንተ ይላል። ቸኮል እርስዎ ይለዋል። የዛሬ ስድስት ዓመት ቸኮል ሦስት ወር ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ያገኘውን የአንድ ግድብ የመቆጣጠሪያ ብልሽት፣ ሚሳኤል ከረባት አስሮ በራሱ ስም አቀረበው። ተጨበጨበለት። ወንበር ተሰጠው። ቸኮል በዚያ ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ ሚሳኤል ምን አለ? «ሙጫን ከቴክኒክ ጉዳይ ብንተወው ይሻላል።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። አሥረኛ ክፍል ነዋ! አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ጆሮ የለውም መሰላቸው።

ፋብሪካውን ከላፍቶ ኮንዶሚኒየም የሚለየው አንድ የብሎኬት አጥር ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ሁለት የክሎሪን ታንክ። ከአጥሩ ወዲያ የተሰጣ አንሶላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሎሪን ጋዙ ከታንኩ ወጥቶ፣ ፓምፕ የሚያዞረው ኮስቲክ ሶዳ ጋ ይደርሳል። ሶዳው ጋዙን ይጠጣዋል። በረኪና ይሆናል። ፓምፑ ከቆመ ግን ጋዙን የሚጠጣው የለም። በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ ወደ ሰማይ አይሄድም። መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፤ ምድር ቤት የተኛውን ፍለጋ።

ለዚህ ሲባል የታንኩ ቫልቭ ላይ ወፍራም ስፕሪንግ አለ። ቫልቩ የሚከፈተው በታመቀ አየር ተገፍቶ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም መቆጣጠሪያው ሲሞት አየሩ ይለቃል፤ ስፕሪንጉም ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ማንንም አይጠይቅም። የሠራው ሰው ብልህ ነበር። ማሽን መሞቱ ካልቀረ በሩን ዘግቶ ይሙት ብሎ አሰበ።

ሰውዬው ግን ላፍቶ አልኖረም። እዚህ መብራት በሳምንት ሦስቴ ይሄዳል። በሄደ ቁጥር ቫልቩ ይዘጋል። አንዴ ከተዘጋ መስመሩን አጥቦ ለማስነሳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ያን ግማሽ ቀን ሥራ አስኪያጁ ፈረቃውን አሰልፎ በእናት በአባታቸው ይሰድባቸዋል። ቢመራቸው ጊዜ ከሁለት ዓመት በፊት ኑሪ አንድ ብረት ሞርዶ፣ ሽብልቅ አድርጎ፣ ከቫልቩ ዘንግ ሥር በመዶሻ ቀረቀረው። ከዚያ ወዲያ መብራት ሲሄድ ቫልቩ ንቅንቅ አይልም። ጄኔሬተሩ በሃያ ሰከንድ ይነሳል፣ ፓምፑ ይዞራል፣ ሥራ ይቀጥላል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሽብልቁን ያወጡታል። ሲሄድ ይመልሱታል። ሥራ አስኪያጁም ያውቃል፤ አይጠይቅም እንጂ። ሁሉም ያውቃል። የማያውቀው ወረቀት ብቻ ነው።

ቸኮል ይህን በሦስተኛው ሪፖርቱ ጽፎታል። አራት ገጽ፣ በእጁ፣ ከነሥዕሉ።

«ቼኬ! የት ጠፋህ አንተ?» ኑሪ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። አምሳ ሊደፍን ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ይገባል።

«ካርድ ልገዛ ወጥቼ።»

«ለማን ልትደውል? የሚደውልልህ የለ፣ የምትደውልለት የለ። ወላሂ ዘንድሮ ሳልድርህ አልቀርም። ና፣ ሪሐና ምሳ አቀብላለች።»

ሪሐና የኑሪ ሚስት ናት። ቤታቸው አጥሩን ተጠግቶ ምድር ቤት ነው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በርጩማ ላይ ወጥታ ሳህኑን በአጥሩ ላይ ታቀብላለች። ሰባት ወር ሙሉ ለሁለት ሰው። ቸኮል ሰባት ወር የኑሪን እንጀራ በልቶ፣ ማታ ስለ ኑሪ ጽፏል። እንጀራውን ለሁለት የሚካፈል ሌባ አይቼ አላውቅም ብሎም ጽፏል። እሱንም ማን አነበበው?

ምሳቸውን ሳይጨርሱ ክብረት መጣ። አስመጪ ነው፤ የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ያስመጣል። ጫማው ያብለጨልጫል። ከድሮው መቆጣጠሪያ ጎን አንድ አዲስ ካቢኔት አስቆመ።

«ይሄ መንታ ነው» አለ። «አንዱ ሲሞት ሁለተኛው ወዲያው ይረከባል። የድሮው ግን ትንሽ ከነካችሁት ሁሉን ነገር ዘግቶ ይቀመጣል። መንታው ጉዳት ይችላል። ሥራ አይቆምም።»

«ሁለቱም ከሞቱስ?» አለ ኑሪ እየጎረሰ።

«ሁለቱም አይሞቱም አባቴ።»

«የኔ ባጃጅ ሦስቱም ጎማ ባንድ ቀን ተንፍሶ ያውቃል።»

ሠራተኛው ሳቀ። ክብረት አልሳቀም። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፋብሪካው አለቆች ይመጣሉ። ማሳያ አለኝ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» አለና ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። የድሮው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ላይ ሰካው።

የፍላሹ አንድ ጥግ በብየዳ ብረት ተጠብሷል።

ቸኮል ያነሳውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው።

ያንን ጥግ የጠበሰው ራሱ ነው፤ በራሱ እጅ፣ በዚሁ ፋብሪካ የሥራ ጠረጴዛ ላይ። የፕሮግራሙን ቅጂ ጭኖበት ከአሥራ አንድ ቀን በፊት በእትዬ ተናኘ በኩል ለሚሳኤል ልኮታል። አሁን መሥሪያ ቤቱ ካዝና ውስጥ መሆን ነበረበት።

ሌባው ኑሪ አይደለም። ሌባው አለቃው ነው። የሚሰርቅበት እጅ ደግሞ የቸኮል እጅ ነው። ዕቃውን እንኳ ለመቀየር አልተጨነቀም። ማን ያየኛል ብሎ? ማን ይለየዋል ብሎ?

ወደ ሽንት ቤት ሄዶ ደወለ።

«እትዬ፣ የሸጡልኝ ካርድ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል።»

እሳቸው ቀስ ብለው፣ «ኢንጂነሩ ራሱ አሁን ደውሎ ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ላፍቶ፣ ከታክሲ ማዞሪያው በታች፣ በነጭ መኪና እጠብቀዋለሁ ብሎኛል። ልጄ፣ ተጠንቀቅ።»

ነጯ መኪና ሞተሯን ሳታጠፋ ቆማለች። ሚሳኤል ከኋላ ወንበር ነው። ቸኮል ገባ። በሩ ከውጭ ካልሆነ እንደማይከፈት የገባው ከዘጋው በኋላ ነው። ሾፌሩ ዞር አለ።

ቡኒ ጃኬት።

«ጎፋ ላይ ጥሩ አመለጥክ» አለ ሾፌሩ።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ቸኮል ሚሳኤልን ትክ ብሎ አየው። «ኢንጂነር፣ የላክሁልዎት ፍላሽ ክብረት እጅ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ። ሥራህን ጨርሰሃል። ሌባው ኑሪ ነው፤ ፋይሉ ተዘግቷል። ወደ ሌላ ቦታ እንወስድሃለን።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምንድነው የሚሆነው?»

ሚሳኤል ሰዓቱን አየ። ተዝናንቷል። «የድሮው መቆጣጠሪያ ይሞታል። ፓምፑም ጄኔሬተሩም አብረው ይቆለፋሉ። አለቆቹ ቆመው እያዩ ነው የሚሆነው። ይደነግጣሉ። ነገ መንታውን ያዝዛሉ። ከዚያ ያየው ፋብሪካ ሁሉ ያዝዛል። ማንም አይጎዳም፣ አትፍራ። ቫልቩ በራሱ ይዘጋል። የተሠራው ለዚህ ነው።»

«አይዘጋም።»

«ምን?»

«ሽብልቅ አለበት። ሦስተኛው ሪፖርት ላይ ጽፌዋለሁ።»

«የምን ሽብልቅ?»

ያን ጊዜ ቸኮል ሁሉ ነገር ገባው። አላነበበውም። አልገለጠውም እንኳ።

«የእጅ ጽሑፍህ አይነበብም» አለ ሚሳኤል። «ደግሞ የፋብሪካው ሥዕል እኔ ጋ አለ። ሥዕሉ ላይ እንዲህ የሚባል ነገር የለም።»

«ሥዕሉ ላይ ከየት ይመጣል! ሰው ነው በመዶሻ የቀረቀረው! አሁኑኑ ለክብረት ይደውሉለት፣ ያቁመው!»

«ድምፅህን ቀንስ። ስለ ስፕሪንግ አንተ ልታስተምረኝ ነው? አንተ?»

አንተ የምትለዋን ቃል እንዴት እንዳላት! እንደ ትፋት ነው ያላት። ቸኮል ደሙ ዓይኑ ላይ ወጣ። ስድስት ዓመት የዋጠው ሁሉ ባንድ ጊዜ ጉሮሮው ላይ መጣ። አንገቱን ቢይዘው ደስ ይለው ነበር። ግን ሰዓቱ ስምንት ከአርባ ነው።

ወደ ፊት ተወርውሮ የእጅ ፍሬኑን ሳበ።

መኪናዋ ጮኸች። ተጣመመች። ከኋላ ሚኒባስ መጥቶ ገጫት። የሚኒባሱ ሾፌርና ረዳቱ ወረዱ።

«አንተ ደንቆሮ! መሀል መንገድ ላይ ትቆማለህ? ውረድ! ውረድ ነው የምልህ!»

ረዳቱ የኋላውን በር በርግዶ ከፈተው። ቡኒ ጃኬቱ ሊይዘው ሲወርድ የሚኒባሱ ሾፌር አንገትጌውን ጨምድዶ ያዘው። ቸኮል በረዳቱ ብብት ሥር ሾልኮ ወጣ። ባጃጅ ውስጥ ዘሎ ገባ።

«ፋብሪካው ጋ! ንዳው!»

ስምንት ከአርባ ዘጠኝ።

የፋብሪካው ዘበኛ ዱላውን አጋድሞ በሩ ላይ ጠበቀው። «አትገባም። ከላይ ተደውሏል።» ከዘበኛው ጀርባ ኑሪ ቆሟል። ፊቱ ከስሏል።

«ሰላይ ነው አሉ» አለ ኑሪ። «ቼኬ፣ ሳቅባቸው እንጂ። ሰላይ ነህ?»

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አሥራ ሁለት ዓመት የሠለጠነበት መልስ አለው። ስቀህ ካድ። ተቆጥተህ ካድ። ሞተህ ካድ።

«ነኝ» አለ።

ኑሪ አንድ እርምጃ ቀረበው።

«ሰባት ወር የጻፍኩት ስላንተ ነው። ሌባ መሆንህን እንዳጣራ ነው የላኩኝ። አይደለህም።»

ጥፊው ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። «የሪሐናን እጅ እየበላህ! እየበላህ አንተ ከሃዲ!»

«ድገመኝ። ግን መዶሻ ይዘህ ድገመኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ይቆማል፣ ጄኔሬተሩም አይነሳም። ሽብልቁ አለ ኑሪ። ሽብልቁ እዚያው ነው።»

ኑሪ አጥሩን አየ። ከአጥሩ ወዲያ አንሶላው ይወዛወዛል። ነፋሱ ወደዚያ ነው።

ዘበኛውን ገፍትሮት ሮጠ።

ቫልቩ ጋ ሲደርሱ ዘጠኝ ሊሆን ሁለት ደቂቃ ነው። ተቆጣጣሪ ከመጣ ስድስት ወር ሆኖታልና ሽብልቁ ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ኑሪ መታው። ንቅንቅ አላለም። ቸኮል ተቀብሎ መታ። የመከላከያ ጭምብል ለጎብኚ ይታይ ተብሎ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተቆልፎበታል። ጨርቅ ውሃ ነክረው አፋቸው ላይ አሰሩ።

ፓምፑ ዝም አለ።

ፋብሪካው በሙሉ ዝም አለ። ቸኮል በልቡ ቆጠረ። አሥር። ሃያ። ሠላሳ። ጄኔሬተሩ አልተነሳም። ከወዲያ የአለቆቹ ጫጫታ ይሰማል።

ከዚያ ሽታው መጣ።

አረንጓዴ ቢጫ ጉም ከጭስ ማውጫው ወርዶ መሬቱን ሙጥኝ ብሎ መጣ። ዓይኑ ነደደ። ደረቱ ውስጥ እሳት ገባ። መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

ኑሪ አነሳው።

«ሂድ! አጥሩ ጋ ሂድ! ሪሐናን በላት፣ ፎቅ ትውጣ!»

«አንድ ላይ ነው የምንወጣው!»

«ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ አንተ! አውቀዋለሁ የት እንደሚመታ!»

ቸኮል አጥሩ ላይ ተንጠላጠለ። ሪሐና ደጇ ላይ ልብስ ታጥባለች። «ሦስተኛ ፎቅ! ሁላችሁም! ሩጡ!» አለ ድምፁ እስኪሰነጠቅ። ቀና ብላ አየችው። ቃሉን ሳይሆን ፊቱን አመነች። የጎረቤቷን ሕፃን ቀምታ ታቅፋ ደረጃውን ወጣች።

ከኋላው የመዶሻ ድምፅ። አንድ። ሳል። ሁለት። ሳል። ሦስት ሲል ድምፁ ተለየ። ሽብልቁ ተፈናጥሮ ታንኩን መታ። ስፕሪንጉ ጥርቅም አለ። ምድር ተንቀጠቀጠች።

ተዘጋ።

ኑሪ በጉልበቱ ቆሞ ነበር። ከዚያ በፊቱ ተደፋ። ቸኮል ትንፋሹን ቆልፎ ተመለሰና በብብቱ ይዞ ጎተተው።

ክብረት ፍላሹን ነቅሎ ሊወጣ ሲል በር ላይ ያዙት። ሚሳኤልን በዚያው ቀን ከቢሮው አወጡት። ሃያ ዓመት መልእክት ያቀበሉት እትዬ ተናኘ ቅጂ ሳያስቀሩ ያሳለፉት ወረቀት የለም። የቸኮልን ሪፖርቶች ሁሉ፣ ሦስተኛውንም ጭምር፣ ይዘው በቀጥታ ከሚሳኤል በላይ ያሉት ወይዘሮ ጸደንያ ዘንድ ገቡ።

ከኮንዶሚኒየሙ ሰው አልሞተም። የኑሪ ሳንባ ግን ተቃጥሏል። አልጋው አጠገብ ፖሊስ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ሽብልቁን የሠራው ደግሞ እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ እጁን ታጥቧል። ሽብልቅ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም ብሎ ፈርሟል።

«እኔ ልመስክርለት» አለ ቸኮል። ድምፁ ገና ይሻክራል።

«አትችልም» አሉ ወይዘሮ ጸደንያ። «ፍርድ ቤት የሚቆም ወኪል የለንም። በወረቀት ላይ አንተ እኮ የለህም።»

«እሱን አይደል የምለው? ኖሬ አላውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ወንበር አልሰጣችሁኝም፣ ሪፖርቴን አላነበባችሁም። እንግዲያው አለመኖሬ አንድ ነገር ይጥቀም። ካለፈው ቁጥጥር በኋላ ሽብልቁን የቀረቀረው ቸኮል ነው በሉ። ኑሪ ነቀለው፣ ቸኮል ጠፋ። እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ።»

«ዕድሜ ልክህን ትፈለጋለህ። ላፍቶ ሁሉ ይረግምሃል።»

«ቸኮልን ነው የሚረግሙት።»

ጻፈ። አራት ገጽ ሆነ። ወይዘሮ ጸደንያ እስከ መጨረሻው አነበቡት። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የጻፈው እስከ መጨረሻው ሲነበብ በዓይኑ ያየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ፖሊሱ ከኑሪ አልጋ ተነሳ። እትዬ ተናኘ እንደነገሩት፣ ኑሪ መጀመሪያ ቃሉን አልሰጥም ብሎ ነበር። «የቼኬ ሥራ አይደለም» እያለ ሁለት ቀን ተሟገተ። ሪሐና ናት እያለቀሰች ያስፈረመችው።

ከአምስት ወር በኋላ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ጅምር ሕንፃ ላይ ሁለት ሰዎች ሊፍት ይገጥማሉ። አንዱ ብሩኬ ይባላል፤ የላፍቶ ሰው ነው፣ ወሬ አያልቅበትም። ሌላው ጢም ያሳደገ፣ የሚያስል፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

«ያ ቸኮል የሚሉት ውሻ» አለ ብሩኬ ቦሎን እያጠበቀ። «ሰፈሬን ሊፈጃት ነበር እኮ። ኑሪ የሚባል ሰውዬ ባይደርስ አልቀናል። አሁን ምስኪኑ ደረጃ መውጣት አይችልም፣ ግን ሰው ሲያልፍ እየተነሳ ነው ሰላም የሚለው። ሪሐናም ደህና ናት።»

«ደህና ናት?»

«ታውቃታለህ እንዴ?»

«ከየት አውቃታለሁ። አንተ ስትል ሰምቼ ነው።»

«ያን ውሻ ግን ባገኘው!»

«ምን ታደርገዋለህ?»

«በመዶሻ ነዋ!»

«ይገባዋል» አለ ዝምተኛው ሰውዬ። ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተ። «በል ፍሬኑን እንሞክር። እኔ እገባለሁ፤ አንተ ስድስተኛ ፎቅ ስደርስ መብራቱን ቁረጥ።»

«ባዶውን አንሞክረውም?»

«ባዶውንማ ማንም ይሞክረዋል። ቁረጥ ስልህ ቁረጥ።»

በሩ ተዘጋ። ሳጥኑ ሽቅብ ወጣ። ከላይ አንድ ቃል ተሰማ። ብሩኬ መብራቱን ቆረጠው።

ሳጥኑ ባለበት ቀጥ አለ።

«ያዘ?» ብሎ ጮኸ ብሩኬ ከታች።

ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ ሳል መጣ። ከዚያ ድምፅ።

«ያዘ።»